ዩኒቨርሲቲ ከመምረጣችሁ በፊት ግቢውን ሄዳችሁ እዩት፦ ስድስት ኪሎ እንደ ምሳሌ



የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን በየቤቱ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ «የት ይግባ? የት ትግባ?» የሚል። ለዓመታት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምሬያለሁ፤ በዚያ ሰሞን ተማሪዎች ሲከቡኝ «ኡስታዝ፣ የትኛው ዩኒቨርሲቲ ጥሩ ነው?» ይሉኛል። እኔም መልሼ «የትኞቹን አይታችኋል?» እላለሁ። አብዛኞቹ ዝም ይላሉ። ለዒድ በግ ስንገዛ እንኳ ጥርሱን አይተን፣ ላቱን ዳብሰን፣ ወገቡን ጨብጠን ነው። አራትና አምስት ዓመት የሚኖሩበትን፣ ዕድሜ ልክ የሚጠሩበትን ቦታ ግን በስም ብቻ እንመርጠዋለን።

ነገሩ ቀላል አይደለም። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት ተማሪዎች ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ የምታስታውሱት ነው። ከዚያም ወዲህ ቢሆን የማለፊያው በር ጠባብ ነው። ያንን በር ያለፈ ልጅ ምርጫውን በጎረቤት ወሬና በቴሌግራም አስተያየት መሙላት የለበትም።

«ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አውቃለሁ፣ የተፈተንኩት እዚያ ነው» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፤ ከጥቅምት 2015 ዓ.ም ጀምሮ ብሔራዊ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ስለጀመረ ብዙ ልጆች ግቢን መጀመሪያ ያዩት በተፈታኝነት ነው። ግን ያ ጉብኝት አይባልም። ስልክ የለም፣ ከግቢ መውጣት የለም፣ ነባር ተማሪ የለም፣ ልብም የለም። ከዶርም ወደ ፈተና ክፍል፣ ከፈተና ክፍል ወደ ዶርም ነው። ግቢው ተማሪ ሞልቶት፣ ትምህርት እየተሰጠበት ሲታይ ሌላ ቦታ ነው።

ለዚህ ጽሑፍ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን፣ በተለይም ስድስት ኪሎን መርጫለሁ። ምክንያቴ ቦታውን በደንብ ማወቄና ብዙ ቤተሰብ በአንድ ጊዜ የሚመኘውም የሚፈራውም ግቢ መሆኑ ነው። ሌላ ዩኒቨርሲቲ ለምታስቡም አጠያየቁ ያው ነው።

ስድስት ኪሎ ማለት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማለት አይደለም

በቅድሚያ ይህንን እናጥራ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ። ልጁ ምህንድስና ይመኛል። ከአባቱ ጋር ስድስት ኪሎ በር ላይ ፎቶ ይነሳል፣ በዛፎቹ ሥር ይዞራል፣ ደስ ብሎት ይመለሳል። የሚማረው ግን እዚያ አይደለም። የአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለው አምስት ኪሎ ነው። የተፈጥሮ ሳይንስ አራት ኪሎ ነው። ሕክምና የሚፈልግ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ጋ ያለውን የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ማየት አለበት። አርክቴክቸርና የሕንፃ ግንባታ የሚማር ልደታ ነው። ኮሜርስ ደግሞ ሰንጋ ተራ ነው። የእንስሳት ሕክምና የሚፈልግማ ጭራሽ ከከተማው ወጥቶ ቢሾፍቱ ነው። ስድስት ኪሎ በዋናነት የሕግ፣ የማኅበራዊ ሳይንስ፣ የቋንቋ፣ የጋዜጠኝነትና የትምህርት ዘርፎች ሰፈር ነው፤ የቢዝነስና ኢኮኖሚክስ ግቢም እዚያው አካባቢ ለብቻው አለ።

የከተማ ዩኒቨርሲቲ ባሕርይ ይህ ነው። በአንድ አጥር የታጠረ ሰፊ ሜዳ ሳይሆን በከተማው ውስጥ የተበተነ ነው። አንዱ ግቢ ከሌላው በምግቡም፣ በዶርሙም፣ በዙሪያው ባለው ሰፈርም ይለያል። ስለዚህ ቤት ሳላችሁ «የምፈልገው ትምህርት የት ግቢ ነው የሚሰጠው?» ብላችሁ አጣርታችሁ ውጡ።

ጊዜ ካላችሁ ግን ሦስቱን «ኪሎዎች» በእግር ማየት ይቻላል። ከአራት ኪሎ የድል ሐውልት ተነስቶ ሽቅብ በአምስት ኪሎ በኩል ስድስት ኪሎ የካቲት 12 ሐውልት ድረስ መንገዱ አንድ ነው። መሃል ላይ፣ አምስት ኪሎ፣ ሉሲ ያለችበት ብሔራዊ ሙዚየም አለ። ዳገቱ ከቆላ ለመጣ ሰው ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ቀስ ብላችሁ ውጡት።

የቦታው ታሪክ

ዩኒቨርሲቲው ሥራ የጀመረው በ1943 ዓ.ም አራት ኪሎ ላይ፣ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅነት ነው። የዛሬው የስድስት ኪሎ ግቢ በዚያን ጊዜ ገነተ ልዑል የሚባል የንጉሡ ቤተ መንግሥት ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚሁ ቅጥር ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የወረደውን ጭፍጨፋ የሚያስታውሰው ሐውልት ከግቢው በር ፊት ለፊት ባለው አደባባይ ቆሟል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ታግተው የነበሩ ባለሥልጣናት የተገደሉትም በዚሁ ቤተ መንግሥት አረንጓዴ ሳሎን ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ንጉሡ ቦታውን ለትምህርት ሰጡት፤ ዩኒቨርሲቲውም በስማቸው ተሰየመ። የአሁኑን ስሙን ያገኘው ከአብዮቱ በኋላ ነው።

ቤተ መንግሥቱ ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ነው። ውስጡ ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም አለ፤ የንጉሡ መኝታ ክፍል ሳይቀር ይታያል። ከሕንፃው ፊት ለፊት ጣሊያኖች የሠሩት፣ ወደ ሰማይ የሚጠማዘዝ ደረጃ አለ። እያንዳንዱ እርከን የፋሺስቶችን አንድ የሥልጣን ዓመት እንዲወክል ታስቦ ነው የሚባለው። ከነፃነት በኋላ አናቱ ላይ አንበሳ ተቀምጦበታል።

ለእኛ አንባቢዎች ደግሞ ሌላ ነገር ልጨምር። የዚህ ተቋም ቤተ መጻሕፍት በዐረብኛ የተጻፉ፣ የኢትዮጵያ ሙስሊም ዑለማዎች ትተዋቸው ያለፉ የብራናና የወረቀት ጽሑፎች ስብስብ አለው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎን እስልምና ታሪክ በጥልቀት የጻፉት ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ በዚህ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህር ነበሩ፤ በ2001 ዓ.ም እስካረፉ ድረስ። ታሪክ ወይም ቋንቋ ለመማር ያሰበ ወጣት ይህንን ማወቁ ጥሩ ነው። የአያቶቹ ኪታብ በመስጂድና በሐሪማ ብቻ ሳይሆን እዚህም አለ፤ የሚያነበው ሰው ግን ጥቂት ነው።

መቼና እንዴት ትሄዳላችሁ?

ትምህርት በሚሰጥበት ወቅት፣ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ባሉት ቀናት ሂዱ። በክረምት ወይም በሴሚስተር መሃል ከሄዳችሁ የምታዩት ሣርና ሕንፃ ነው። በምዝገባ ሰሞን ደግሞ ሬጅስትራር በር ላይ ካለው ሰልፍ የተነሳ ማንም አያናግራችሁም።

ዐርብ ሊሄድ ያሰበ አንድ ነገር ያስብ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዐርብ ቀን ከ5፡30 እስከ 7፡30 ለምሳ ይዘጋሉ። ከጁሙዓ በፊት ቢሮ ጉዳይ ልጨርስ የሚል ከጠዋቱ 2፡30 ላይ በር ላይ መገኘት አለበት። በሌላ በኩል የጁሙዓን ነገር በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ከዐርብ የተሻለ ቀን የለም፤ ተማሪዎቹ በስንት ሰዓት ከክፍል ወጥተው፣ በየት በኩል፣ ወደ የትኛው መስጂድ እንደሚሄዱ ተከትላችሁ ታያላችሁ።

በሩ ላይ ፍተሻ አለ፤ መታወቂያ ያስፈልጋል። ተማሪ ያልሆነ ሰው ሁልጊዜ ዝም ብሎ አይገባም፤ የጥበቃ ሠራተኞቹም ሥራቸው ነው። የነዋሪነት መታወቂያ ወይም ፋይዳ ይዛችሁ፣ ጉዳያችሁን በአጭሩ ተናገሩ፤ «ልጄ አመልካች ናት፣ የሕግ ትምህርት ቤቱን ማየት እንፈልጋለን» ይበቃል። የምታውቁት ተማሪ ወይም ሠራተኛ ካለ በር ድረስ መጥቶ ቢቀበላችሁ ይቀላል። ሌላም መንገድ አለ፤ ሙዚየሙ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ የመግቢያ ቲኬት ቆርጦ የሚገባ ጎብኚ መሃል ግቢ ድረስ ይዘልቃል። ለልጁም ትምህርት ነው፣ ለአባትም ዕረፍት።

ስለ አገባቡ ደግሞ አንድ መሠረታዊ ለውጥ አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ፣ ማለትም ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ፣ አመልካቾችን በራሱ የመግቢያ ፈተና ነው የሚቀበለው። ሚኒስቴሩ በሚሞላው የምርጫ ቅጽ ላይ አንደኛ አድርጎ መጻፍ ብቻ እንደ ድሮው አያስገባም። በመንግሥት ወጪ የሚማሩና ከፍለው የሚማሩም አሉ። ዝርዝሩ በየዓመቱ ሊቀየር ስለሚችል ከፌስቡክ ገጽ ሳይሆን ከሬጅስትራር መስኮት ወይም ከዩኒቨርሲቲው ማስታወቂያ ብቻ ውሰዱ። ለጉብኝቱ ከሚጠቅሙ ነገሮች አንዱም ይኸው ነው፤ መስኮቱ የት እንዳለ ማወቅ።

ምን እንይ?

ሕንፃ አትዩ። ሕንፃ አያስተምርም። የሚከተሉትን እዩ ብዬ ዝርዝር አልሰጥም፤ እኔ ሁልጊዜ መጀመሪያ የማየው የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። በየትምህርት ክፍሉ ኮሪደር ላይ የተለጠፈው ወረቀት ስለ ቦታው ከማንም በላይ ይናገራል። የፈተና ፕሮግራም፣ የክፍል ለውጥ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ማቅረቢያ ቀን፣ የጠፋ መታወቂያ፣ የቤት ኪራይ፣ የጥናት ቡድን። ያለፈው ዓመት ወረቀት ብቻ የተለጠፈበት ክፍል ካገኛችሁ እሱም መልስ ነው።

ቀጥሎ ቤተ መጻሕፍቱ። ስድስት ኪሎ ላይ ተማሪው «ኬኔዲ» የሚለው፣ በአሜሪካው ፕሬዚዳንት በጆን ኤፍ ኬኔዲ ስም የተሰየመው ቤተ መጻሕፍት አለ። ውስጥ ባታስገቡም በር ላይ ቁሙ። ስንት ሰው ነው የሚገባው? ስንት ሰዓት ላይ ይሞላል? በፈተና ሰሞን መቀመጫ ይገኛል ወይ? ተማሪን ብትጠይቁ ይነግራችኋል። ዶርም ውስጥ ማጥናት የማይችል ልጅ፣ በተለይ ብዙ ሆነው በሚኖሩበት ክፍል፣ ሕይወቱ በዚህ ቤት መቀመጫ ላይ ነው የሚወሰነው።

ከዚያ ወደ ትምህርት ክፍሉ ጽሕፈት ቤት ግቡና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ «አንደኛ ዓመት የገባ ተማሪ ይህንን ዲፓርትመንት የሚያገኘው በምንድን ነው?» ይህ ጥያቄ ብዙ ዕንባ ያስቀራል። ከ2012 ዓ.ም ወዲህ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ተመልሷል፤ ተማሪው «ፍሬሽማን» ሆኖ የጋራ ኮርሶችን ከወሰደ በኋላ በውጤቱና ባለው ቦታ ልክ ነው ወደ ሚፈልገው ክፍል የሚመደበው። ሶፍትዌር ምህንድስና እማራለሁ ብሎ ገብቶ፣ በአንደኛው ሴሚስተር ከቤት መራቅና አዲስ ነፃነት አዘናግቶት ሌላ ክፍል የደረሰው ብዙ ነው። ባለፈው ዓመት ስንት ተማሪ አመለከተ፣ ስንቱ ተቀበሉ የሚለውን ጸሐፊዋ ታውቀዋለች።

ሶላት፣ ምግብና ሒጃብ

ብዙ አንባቢዎቻችን ከሁሉ አስቀድመው ሊያነቡት የሚፈልጉት ይህንን ክፍል ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 የእምነት ነፃነትን ያረጋግጣል። በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ እንደሚሰጥ ይደነግጋል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መስጂድም ቤተ ክርስቲያንም የማትጠብቁት ለዚህ ነው። ይህ ማለት ግን አይሰገድም ማለት አይደለም። ተማሪው ሶላቱን ከክፍል ሰዓቱ ጋር አስማምቶ፣ በዶርሙ ወይም ከግቢ ውጭ ባለ መስጂድ ይሰግዳል።

ስለዚህ ጉብኝቱ ላይ ርቀቱን ለኩ። ፒያሳ ያለው ኑር፣ ሕዝቡ በኒ የሚለው መስጂድ፣ ለአራት ኪሎ ተማሪ በእግር የሚደረስ ነው። ለስድስት ኪሎ ተማሪ ግን ከዙሁር እስከ ከሰዓት ክፍል ባለው ጊዜ ደርሶ መመለስ ሌላ ሒሳብ ነው። መርካቶ ታላቁ አንዋር ድረስ ለመሄድማ ታክሲ ያስፈልጋል። በየሰፈሩ ያሉትን አነስተኛ መስጂዶች እዚያው የሚኖሩ ተማሪዎች ያውቋቸዋል፤ ጠይቋቸው፣ ከዚያም በእግራችሁ ሄዳችሁ በስንት ደቂቃ እንደምትደርሱ በሰዓታችሁ እዩ። ካርታ ላይ ቅርብ የሚመስለው የአዲስ አበባ መንገድ ስንቱን አታሏል።

ውዱእ የማድረጊያ ነገር ደግሞ ማንም የማይጠይቀው ግን በየቀኑ አምስት ጊዜ የሚመጣ ጉዳይ ነው። ውሃ በዶርም ሕንፃው ላይ በየስንት ቀኑ ይመጣል? ይህ ጥያቄ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም እኩል ያገለግላል።

ምግብን በተመለከተ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የሥጋ ቀን የሙስሊምና የክርስቲያን ተማሪዎች ተለይቶ መቅረቡ የቆየ ልማድ ነው። ወላጆች ይህንን ሲሰሙ ይረጋጋሉ። ከዚህ አልፋችሁ መጠየቅ ያለባችሁ የረመዳንን ነገር ነው። ለሱሑር ምግቡ በማታ ተይዞ ይሰጣል ወይስ ሌሊት ይከፈታል? ኢፍጣር ከካፌው የእራት ሰዓት ጋር እንዴት ይገጥማል? የረመዳን ወር በየዓመቱ ወደኋላ እየመጣ ስለሆነ በአራት ዓመት ቆይታ ውስጥ አንዱ ከፈተና ጋር መግጠሙ አይቀርም። ይህንን የሚመልስላችሁ ቢሮ ሳይሆን ባለፈው ረመዳን እዚያ የጾመ ተማሪ ነው።

ሒጃብን በሚመለከት፣ ሴት ልጃቸውን የሚልኩ ወላጆች በአንዳንድ አካባቢዎች በትምህርት ቤቶች የተነሱትን ውዝግቦች እያስታወሱ ይሰጋሉ፤ ስጋታቸው ባዶ አይደለም። ለመርጋት የሚበጀው ግቢው ውስጥ ቆሞ ማየት ነው። ሒጃብ የለበሱ ተማሪዎች ምን ያህል ናቸው? በቡድን ብቻ ነው የሚሄዱት ወይስ ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅለው? ለመታወቂያ ፎቶና ለፈተና ፍተሻ የሚጠየቀው ምንድን ነው? ኒቃብ የምትለብስ እህት ደግሞ በቀጥታ የተማሪዎች አገልግሎት ቢሮን ጠይቃ መመሪያውን በጽሑፍ ብታይ እመክራለሁ። «ችግር የለውም» የሚል የቃል መልስ መስከረም ላይ በሩ ላይ ለቆመው ጥበቃ አይነበብም።

ከሁለት ተማሪዎች ጋር የተደረገ ወሬ

ካቻምና የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ልጁን ይዞ ከከሚሴ መጣና አብሬያቸው ስድስት ኪሎ ሄድኩ። ልጅቱ ሕግ መማር ትፈልጋለች። አባቷ ሕግ መማሯን ሳይሆን አዲስ አበባን ነው የሚፈራው፤ «ደሴ እያለ፣ ወልድያ እያለ» ይላል። እሷ ደብተሯ ላይ ጥያቄዎቿን በቁጥር ጽፋ መጥታለች። ቢሮ ውስጥ የጠየቀችው ሁሉ በትህትና ተመለሰላት፣ ግን ፊቷ ላይ ለውጥ አላየሁም።

ከሻይ ቤቱ ደጃፍ ሒጃብ የለበሱ ሁለት የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች ተቀምጠው አገኘን። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ልጅቱ የመጀመሪያውን ጥያቄዋን ሳይሆን የመጨረሻውን ጠየቀች፤ «አንደኛ ዓመት ላይ አልቅሳችሁ ታውቃላችሁ?» አለቻቸው። ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ሃያ ደቂቃ ያህል ወሩ። በእንግሊዝኛ የሚሰጠውን ትምህርት ለመከተል የመጀመሪያዎቹ ወራት እንዴት እንደከበዷቸው፣ ዙሁርን ከክፍል በፊት ለመድረስ ምሳቸውን ማዘግየት እንደለመዱ፣ ዶርም ውስጥ ስትሰግድ መብራቱን የምትከፍትላት ጓደኛዋ የጎጃም ልጅ መሆኗን፣ የብድር ዕቃ የማይመልስ ሰው በየትኛውም ዶርም እንደማይጠፋ ነገሯት። ልጅቱ መጻፏን ትታ ትሰማ ነበር።

አባት በመሃል ገብቶ «ሲመሽስ የት ነው የምትሆኑት?» አለ።

«አባቴ፣ ላይብረሪ ነን፤ ስንመለስ ደግሞ ሦስትም አራትም ሆነን ነው» አለችው አንደኛዋ። «የዶርም በር የሚዘጋበት ሰዓት አለው። ፕሮክተሯ ከእናቴ አትብስም።»

ስንወጣ አምስት ኪሎ እስክንደርስ ድረስ ባልደረባዬ ቃል አልተነፈሰም። ከሙዚየሙ ፊት ለፊት ሲደርስ ቆም ብሎ «ያቺ ቀይዋ ደሴ ነኝ አላለችም? የማን ልጅ ናት?» አለ። እኔ ከዚያ በላይ ለማሳመን አልደከምኩም። ኋላ ማመልከቻውን ኢንተርኔት ቤት ተቀምጦ የሞላላት ራሱ አባቷ ነው።

ይህንን ያነሳሁት ወላጆች አብረው ይሂዱ ለማለት ነው። ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ ልጁ ሲጠይቅ አትቅደሙት። ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር በሄድኩበት ሁሉ የማየው አባት ጠይቆ አባት የሚመልስበትን ጉብኝት ነው። ልጁ ከኋላ ስልኩን እየነካካ ይከተላል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ብቻውን እንዲዞር ተዉት፤ እናንተ ሻይ ጠጡ።

ከአጥሩ ውጭ

በከተማ ዩኒቨርሲቲ መማር ማለት ከተማውንም መማር ነው። ዶርም ያላገኘ ወይም አዲስ አበባ የሚኖር ተማሪ ጠዋትና ማታ ታክሲ ይሰለፋል። ከጀሞ ወይም ከአያት ስድስት ኪሎ ለሁለት ሰዓት ክፍል ለመድረስ ከፈጅር በኋላ መተኛት የለም። ስለዚህ የከተማው ልጅ ከሆናችሁ ለጉብኝት ስትሄዱ በኮንትራት ታክሲ አትሂዱ። ክፍል በሚጀምርበት ሰዓት ልትደርሱ በምትችሉበት መንገድ፣ በሚኒባስ ወይም በአውቶቡስ፣ ሰልፉን ጠብቃችሁ ሂዱ፤ ሰዓቱንም የሂሳቡንም መጠን ጻፉ፤ በሃያ ሁለት ቀን አባዙት። የልጁ የወር ወጪ ከዚያ ይጀምራል።

ከክፍለ ሀገር የምትመጡ ደግሞ ብርዱን አትናቁ። ስድስት ኪሎ ከእንጦጦ ግርጌ ነው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ከአፋር ወይም ከሶማሌ ለመጣ ልጅ ቀልድ አይደለም። ከፍ ብሎ ሽሮ ሜዳ አለ፤ ጋቢ እዚያ ይገኛል።

ግቢው ዙሪያ ያሉትን ነገሮችም እዩ። ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ርካሽ ምግብ ቤት፣ መድኃኒት ቤት ለተማሪ ከመማሪያ ክፍል ያልተናነሰ አስፈላጊ ናቸው። ጫት ቤቱና መጠጥ ቤቱም የት እንዳለ ማወቅ ወላጅን አይጎዳም። ልጁ እንደሆነ በሁለተኛው ሳምንት ያውቀዋል።

የግል ኮሌጅ የምታስቡ ካላችሁ በአንድ ነገር ጉብኝታችሁ ይለያል። እዚያ መጀመሪያ የሚጠየቀው ወረቀት ነው። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም በጅምላ ሳይሆን ለየትምህርት መስኩና ለየካምፓሱ ነው። መገናኛ ያለው ቅርንጫፍ ዕውቅና አለው ማለት ፒያሳ ያለውም አለው ማለት አይደለም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ወረቀት ጠጋ ብላችሁ፣ የትምህርት መስኩን ስም፣ የካምፓሱን አድራሻና የሚያበቃበትን ቀን አንብቡ። «እድሳት ላይ ነው» ከተባላችሁ ታድሶ እስክታዩ ድረስ ብር አትክፈሉ።

መምጣት ለማትችሉ

ከባሌ ወይም ከጅማ አዲስ አበባ ደርሶ መመለስ ለብዙ ቤተሰብ ገንዘብም፣ በዚህ ዘመን መንገዱም ጭንቅ መሆኑን አውቃለሁ። ያኔ የሚቀረው ሰው ነው። ከእናንተ ትምህርት ቤት ባለፉት ሦስት ዓመታት ወደዚያ ግቢ የገባ ልጅ አይጠፋም፤ የድሮ ርእሰ መምህሩ ወይም የክፍል ኃላፊው ስሙን ያውቃል። አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የሙስሊም ተማሪዎች ጀመዓ አለ፤ በአካባቢያችሁ መስጂድ ለዕረፍት የመጣ ተማሪ ካገኛችሁ ከእነሱ ጋር ያገናኛችኋል። በስልክ ስታወሩ «ዩኒቨርሲቲው ጥሩ ነው?» አትበሉት፤ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ይዘጋዋል። «ትናንት ከፈጅር እስከ ዒሻ ምን ስትሠራ ዋልክ?» በሉት። ሰዓት በሰዓት ይንገራችሁ። የት በላ፣ የት ሰገደ፣ ስንት ክፍል ገባ፣ ስንት መምህር ቀረ፣ ውሃ ነበር ወይ፣ ስንት ብር አወጣ። ከተቻለ ቪዲዮ ጥሪ ከፍቶ ከዶርሙ እስከ ካፌው፣ ከካፌው እስከ ክፍሉ ድረስ እየሄደ ያሳያችሁ። ዳታውን እናንተ ሙሉለት።